የማትመጣው የእህቴ ልጅ

አዳማ ውስጥ ተከራይ የሚያስወጣ ሰው እውነቱን አይናገርም። «ዘመድ ሊገባበት ነው» ይላል፤ ተከራዩም ውሸት መሆኑን እያወቀ ዕቃውን ሸክፎ ይወጣል። እኔም ሰርቪስ ቤቴን ለተከራየችው ልጅ ይህንኑ ለማለት ሦስት ቀን ሙሉ ስለማመድ ሰነበትኩ።

ጥፋቷ ምን ነበር? ምንም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ ጠባየኛ ናት፣ ግቢውንም ሳትታዘዝ ትጠርጋለች። ችግሩ እናቴ ናት። እናቴ የመቂ ገጠር ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። እኛን ግን በአባታችን ቋንቋ፣ በአማርኛ አሳደገችን። እግሯን ከያዛት ወዲህ ከአልጋ አትወርድም፤ ለእኔ ከ«እሺ» እና ከ«በቃኝ» ሌላ ቃል አይወጣትም። ልጅቷ ከሥራ ገብታ «አካም ጂርቱ፣ አዮ?» ብላ በኦሮምኛ እንደ እናቷ ሰላም ስትላት ግን ቀና ብላ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ወሬና ሳቅ ነው። እኔ የማውቀው ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ ስለሆነ ወጥ እያማሰልኩ ሳቁን እሰማለሁ።

ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ እናቴ፣ እንደ ጣውንት ቀናሁ።

አንድ ቀን ልጅቷ እግሯን በቅባት ስታሽላት፣ እናቴ ፀጉሯን ስትዳብስላት አየሁ። የእኔን መቼ እንደዳበሰች ትዝ አይለኝም። በአራተኛው ቀን ልጅቷን በር ላይ ጠብቄ «የእህቴ ልጅ ከሞጆ ልትመጣ ነውና ቤት ፈልጊ» አልኳት።

«እሺ፣ እትዬ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ልጅቷ ነግራት ኖሮ ማታውን እናቴ ጠራችኝ።

«የእህትሽ ልጆች ሦስቱም ወንዶች ናቸው። የትኛው ነው ሴት የሆነው?»

የአልጋ ልብሷን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ምን አድርጋሽ ነው?»

«ከእኔ ጋር አትስቂም» አልኳት።

«ቋንቋዬን ያላስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው። በእኔ ጥፋት እሷን አታባሪ።»

ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሄድኩ። ልጅቷ ልብሷን ማዳበሪያ ውስጥ ትከታለች። «የእህቴ ልጅ ቀርታለች፤ ተቀመጪ» አልኳት። አቅፋ ሳመችኝና ለእናቴ ልትነግራት ሮጠች። ተከትያት ስገባ ሁለቱም በሳቅ ይንፈራፈራሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ተባብላችሁ ነው?» አልኩ።

እናቴ ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፤ ትንሽ አሰበችና ተወችው።

«በአማርኛ አያስቅም» አለችኝ።