የኔሪዳ ወንድም ዋጋ

ኔሪዳ ኡርዳኔታ በቱርሜሮ ገበያ ዶሮ አራጅ ናት። ዶሮውን በእግሮቹ ይዛ አንገቱን በቆርቆሮው ቀዳዳ ታወርደዋለች፤ ቢላዋው አንዴ ያልፋል፤ ደሙ ባልዲው ውስጥ መንጠባጠብ ይጀምራል። ወሬዋን ግን አታቋርጥም። ወሬዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ወንድሟ ዮርቢስ።

እናታቸው ስትሞት ዮርቢስ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር። ኔሪዳ በዶሮ አሳደገችው። ክንዱ ሲጠነክር በድንጋይ ውርወራ የጎረቤቱን ማንጎ ሁሉ አራገፈው፤ ካሳውን እሷ በዶሮ ከፈለች። ከዚያ የአሜሪካ ቤዝቦል ክለብ አይቶት ወሰደው። ኳስ ወርዋሪ ሆነ፤ ነገር ግን ዋናው ሊግ ውስጥ ሳይገባ ከትንሽ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ በአውቶቡስ ሲንከራተት ወጣትነቱ አለቀ። ጨዋታ በሚያርፍባቸው ወራት ክለቦቹ ተጫዋች ሲለዋወጡ እሱም እጅ በእጅ ይዞር ነበር። አንዴ እንዲያውም ስሙ ወደፊት በሚገለጽ ተጫዋች ለወጡት። እሱን ወስደው በምትኩ ማንን እንደሚሰጡ እንኳ ገና አልወሰኑም ማለት ነው።

ገበያው ይህን ሲሰማ ጉድ ፈላ።

«ዶኛ ኔሪዳ፣ ወንድምሽን በማን ለወጡት? በነፋስ?» አላት ከማዶ ሙዝ የሚሸጠው ዶን ኢላሪዮ።

«በአንተ ነው የለወጡት! ሲያዩህ ጊዜ ሐሳባቸውን ቀየሩ እንጂ» ብላ የዶሮ አንጀት ወረወረችበት። ሽማግሌው አንጀቱን ከባርኔጣው ላይ አንስቶ ለድመቱ ሰጠና እስኪያስለው ሳቀ።

ባለፈው ታኅሣሥ ዮርቢስ ውሉን ጨርሶ ነጻ ሆነ። ሬዲዮው አንድ ትልቅ ክለብ እንዳስፈረመው፣ ለሁለት ዓመት አራት ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተናገረ። ሰፈሩ ርችት ተኮሰ። ማታ ዮርቢስ ደወለ።

«ኔሪ፣ ገንዘቡ ዋናው ቡድን ውስጥ ከገባሁ ብቻ ነው። የካቲት ልምምድ ላይ ለአንድ ቦታ ብዙ ሰው ነው የሚጋፋው። ካልገባሁ የአውቶቡስ ሾፌር ደመወዝ ነው።»

«ትገባለህ።»

«የጠየቀኝ የኮሪያ ክለብ ይሻል ነበር። እነሱ ስትፈርም እጅህ ላይ ነው የሚቆጥሩልህ።»

«ኮሪያ ማን ያይሃል? እኔ አንተን በዋናው ሊግ ሜዳ መሐል ቆመህ ሳላይ አልሞትም። ትገባለህ አልኩህ፤ በቃ።»

በማግሥቱ ገበያ ስትገባ «ከገባሁ» የሚለውን ቤት ትታው መጣች። «አራት ሚሊዮን!» ትላለች፤ ቢላዋው ይወርዳል። «አራት ሚሊዮን!» ሌላ አንገት። ዶሮ የሚገዛውም የማይገዛውም ሰማት።

ገና ሲቃረብ፣ ገበያው የበዓል ምግብ በሚጠቀለልበት የሙዝ ቅጠልና በሰው ተጣቦ ሳለ፣ መስታወቱ የጠቆረ መኪና ዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሁለት ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ሳል የማይለቀው ሳላም ነው፤ ሌላው በጭምብሉ ላይ የቤዝቦል ኮፍያ ደፍቷል። ሳላሙ ፀጉሯን ጨምድዶ ጎተታት። በእጇ የነበረው ዶሮ ግማሽ አንገቱን ተቆርጦ መሬት ላይ ይንፈራገጣል። ኔሪዳ ዞራ ቢላዋውን ሰነዘረች፤ የሰውየው መዳፍ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ተተረተረ። እንደ እሪያ ጮኸ። ባለ ኮፍያው ከኋላ በክርኑ ማጅራቷን መታት፤ ቢላዋውን ነጥቀው መኪናው ውስጥ ወረወሯት።

ዶን ኢላሪዮ ሙዙን ጥሎ ሮጠና በሩን ያዘ። «ልቀቋት! ልቀቋት እናንተ ውሾች!» መኪናው ሲንቀሳቀስ አብሮ ተጎተተ፤ በሩን አለቀቀም። ሳላሙ በደህናው እጁ ሽጉጡን አወጣና ፊቱ ላይ ተኮሰ። ኔሪዳ ጆሮዋ ደንቁሮ የሽማግሌው ጣቶች ከበሩ ላይ አንድ በአንድ ሲለቁ አየች። ባርኔጣው ጭኗ ላይ ወድቆ ቀረ።

ያሰሯት ብሎኬቱ ያልተለሰነ ክፍል ውስጥ ነው። ሳላሙ እጁን በአሳ ማጥመጃ ሲባጎ ሰፍቶ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ዮርቢስ ጋ ደውሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ደቀነ።

«አራት ሚሊዮን በይው፤ ከዚያ ወደ ዶሮሽ ትሄጃለሽ።»

«የቱን አራት ሚሊዮን?» አለች። «ሰውየው ገና አልገባም እኮ! ዋናው ቡድን ካልገባ ምንም የለውም።»

«ገበያ መሐል ስትጮህ የነበረችው እናቴ ናት?» በሽጉጡ ሰደፍ አፏን መታት። ሁለት ጥርሶቿን ከደም ጋር ተፋች። ከስልኩ ውስጥ ዮርቢስ «ኔሪ! ኔሪ!» ይላል። ደግሞ መታት፤ ደግሞ፤ ወንበሩ ከነእሷ ወደቀ።

«ቆይ» አለ ኮፍያው። «እውነቷን ነው።»

«ምኑ ነው እውነቱ?»

«እንዲህ ያለ ውል አለ። ካልገባ አይከፈልም። ይኼ ደግሞ አይገባም። ክርኑን አምና ነው የተሰፋው፤ የድሮው ፍጥነት የለም።»

ኔሪዳ ጉንጯ ሲሚንቶው ላይ ተጣብቆ ሳለ መታሰሯን ረሳች። «ፍጥነቱ ተመልሷል! የምታወራውን አታውቅም! የሚጠመዘዘውን ኳሱን ማን ነካው?»

«ሐምሌ ላይ ሁለት ሰው ያን ኳሱን መትቶ ከሜዳ ውጪ አውጥቶታል፣ ዶኛ።»

«ነፋስ ነበር!»

«ሁለቱንም?»

«ምንድን ነው ይኼ? የስፖርት ሰዓት ነው?» ሳላሙ ወንበሩን በርግጫ አለው። ተንበርክኮ የሽጉጡን አፍ ግንባሯ ላይ ጫነ። «ወንድሟ ምንም ካላወጣ እሷስ ምን ታደርግልናለች? ውሃችንን ትጠጣ?»

ያኔ ነው የገባት። ዮርቢስ ውድ ነው ካለች የሚከፍለው የለውም፤ ርካሽ ነው ካለች ጥይቱ እዚሁ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የወንድሟን ዋጋ ስትጮህ ኖራ አሁን የምትጠራው ጠፋት።

ዋጋውን ኮፍያው ጠራው። «የኮሪያ ክለብ ጠይቆት አልነበር? እነሱ ሲፈርም ይከፍላሉ። አራት ሚሊዮን አይሞላም፤ ግን የሚጨበጥ ነው።»

ሽጉጡ ከግንባሯ ተነሳ። 

ኮፍያው ስልኩን አነሳና እንደ ወኪል በረጋ ድምፅ ለዮርቢስ አስረዳው። የዮርቢስ ድምፅ ከስልኩ ተሰማ። «ክለቡ እንዲለቀኝ እለምናለሁ። ዛሬውኑ እደውላለሁ። ብቻ አትንኳት።»

«እንዳትፈርም!» ብላ ጮኸች ከመሬት። «ዮርቢስ፣ ሰማኸኝ? ኮሪያ ብትፈርም ወንድሜ አይደለህም! የካቲት ልምምድህ ላይ ነው የምትሄደው!»

ሳላሙ አፏን ሊያፍን እጁን ሰደደ፤ የተሰፋውን እጅ። ነከሰችው። ጥርስ በቀረላት በኩል ይዛ እስከ አጥንቱ ነከሰችው፤ ሲባጎው ሲበጠስ ተሰማት፤ ደሙ ጉሮሮዋ ውስጥ ገባ። ሰውየው እየጮኸ ራሷን ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ አለቀቀችም። ኮፍያው መንጋጋዋን በሁለት እጁ ፈልቅቆ ነው ያላቀቃቸው። ከዚያ ሳላሙ የራሷን ቢላዋ አመጣ። ግራ እጇን ብሎኬት ላይ አስረግጦ ትንሿን ጣቷን ቆረጣት። አንዴ አልበቃም፤ ዶሮ ማረድ አያውቅም። ስልኩ ሳይዘጋ መሬት ላይ ተቀምጧል። ዮርቢስ ሁሉንም ሰማ።

ከዚያ በኋላ ጥበቃ ብቻ ሆነ። እጇ አብጦ ጠቆረ፤ ትኩሳት ያዛት። ኮፍያው በሸንኮራ አረቄ ያጥብላት ነበር።

«እኔም ዋናው ሊግ ላይ ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አላት አንድ ቀን፣ ጨርቁን እያሰረ።

«አንተ ነህ የሸጥከው።»

«እኔ አይደለሁም። አንገትሽ ነው።»

ምራቋን ተፋችበት። ጠረገና ማሰሩን ቀጠለ።

ገንዘቡ የመጣ ዕለት ዓይኗን ሸፍነው አወጧት። በመንገድ ላይ ሁለቱ ተጣሉ። «ድምፃችንን ታውቃለች፤ እጄንም ታውቃለች» ይላል ሳላሙ እያሳለው። «ቃል ሰጥተናል» ይላል ኮፍያው። ሽጉጡ ሲቀባበል ሰማች። አላሰበችም፤ የበሩን እጀታ በክርኗ ገፍታ ከሚሮጠው መኪና ወደቀች። ትከሻዋ ጠጠሩ ላይ ተሰበረ። ከኋላዋ ጥይት ጮኸ፤ ሁለተኛው የጆሮዋን ጫፍ ወሰደው። ቅጠሉ ፊቷን እየቆራረጠው በደረቷ እየተሳበች የሸንኮራ አገዳው ውስጥ ገባች፤ መኪናው ሄዶ ዝም እስኪል አፈር ነክሳ ተኛች። ያገኟት አገዳ ቆራጮች ናቸው።

ዮርቢስ ሆስፒታል መጣ። ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨም። አልጋው አጠገብ ሳይቀመጥ ቀድማ ጠየቀችው።

«ፈረምክ?»

«ፈረምኩ።»

በጥፊ አጮለችው። ድምፁ ክፍሉን ሞላው፤ ነርሷ ዞረች።

«አትፈርም አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«የካቲት ሊደርስ ነው! ክርንህ ድኗል! ትገባ ነበር እኮ!»

«እገባ ነበር» አለ። ይገባ አይገባ ማንም አያውቅም፤ እሱም ያኔ ሊከራከራት አልፈለገም። ጉንጩ ላይ የጣቶቿ ምልክት እየቀላ ቆመ።

ስለ ዶን ኢላሪዮ ጠየቀች። ቀብረውታል፤ ገበያው በሙሉ ወጥቶ ነበር። ባርኔጣው መኪናው ውስጥ ስለቀረ ባዶ ራሱን ነው የቀበሩት። እዚህ ላይ አለቀሰች፤ ከተያዘችበት ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዮርቢስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የተሰበረውን ትከሻዋን እንዳይነካ ተጠንቅቆ ያዛት።

ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገች። «መቼ ነው የምትሄደው?»

«ነገ።»

«ብርድ ነው አሉ።»

«በረዶ ነው አሉ።»

ስልኩን አውጥቶ የላኩለትን ፎቶ አሳያት። ስሙ በእነሱ ፊደል የተጻፈበት የቡድኑ ማሊያ ነው። ኔሪዳ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው፤ ዘቅዝቃም አየችው።

«ዮርቢስ ነው የሚለው?»

«እኔ እንጃ፣ ኔሪ። እንደዚያ ነው ያሉኝ።»

«የሌላ ሰው ስም ቢሆንስ?»

«በሌላ ሰው ስም እወረውራለኋ።»

ሳቁን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች፤ የተሰፋው ከንፈሯ ተተርትሮ ደማ። ከዚያ ፎቶውን ወደ እሷ ስልክ እንዲልክላት አዘዘችው።