የዘጠኝ ሰዓቱ ደወል

ይቅርታ አድርጉልኝ። መጻፍ የእኔ ሥራ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ከትልቅነቴ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። የተማረ ሰው ቢያየው ይስቅብኛል እያልኩ ይህን ወረቀት ስንቴ ጀምሬ ስንቴ ቀደድኩት። ነገር ግን የአቶ ላምቤቦን ነገር የሚጽፍ ሌላ ሰው እስካሁን አልተነሣም። ግማሹን ጎረቤት ስለሆንኩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን እሳቸው ራሳቸው አንድ ቀን አጥር ሥር ተቀምጠን ነግረውኛል። ቃሉ ቢወላገድም ነገሩን ያዙልኝ።

አቶ ላምቤቦ ከሆሳዕና ወደ ሌሞ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ዘበኛ ይባሉ እንጂ ዋና ሥራቸው መደወል ነው። ደወሉም ከባሕር ዛፍ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነበር። በብረት ሲመቱት እስከ ገበያው ድረስ ይሰማል። እጃቸው ላይ ሰዓት አስረው አያውቁም። የባንዲራው እንጨት ጥላ የት እንደደረሰ አይተው ይመቱታል፤ ዳይሬክተሩ ወጥቶ የራሱን ሰዓት በእሳቸው ደወል ያስተካክላል። የሠፈሩ ሴት ድስት የምትጥደውም የምታወጣውም በእሳቸው ደወል ነበር። በዚህ ነገር ትንሽ ይኮሩ ነበር፣ ምን ይደብቃል። ሌላ የሚኮሩበትም አልነበራቸው።

ከባለቤታቸው ከእትዬ ጣቢታ አራት ልጅ ወልደው ሦስቱን በኩፍኝ ቀብረዋል። የተረፈው ኤልያስ ነው። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላው፤ ቁመቱ ደግሞ አባቱን አልፎ ሄደ። ያኔ ቁመት ክፉ ነገር ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ ሲወርድ የልደት ወረቀት የሚጠይቅ የለም፤ ቁመት ታይቶ ነው የሚታፈሰው። መስከረም ላይ ከኳስ ሜዳ አሥራ አንድ ልጆች ከነኳሳቸው ተጭነው ሄዱ። ኤልያስ በዚያን ቀን ወባ ይዞት ተኝቶ ስለነበር ተረፈ።

ከዚያ ወዲያ አቶ ላምቤቦ ልጃቸውን ከአሥረኛ ክፍል አስቀሩት። ከቤት አትወጣም አሉት። እሺ አለ። ግን የዚያ ዕድሜ ልጅ እሺ ብሎ ስንት ቀን ይቀመጣል? ቤተክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህ የመዘምራን ልምምድም ቀርቷል። በሦስተኛው ቀን በጓሮ አጥር ሾልኮ ሜዳ ላይ ተገኘ። እናቱ ስታለቅስ ታድራለች፣ እሱም ይቅርታ ይላል፣ ደግሞ በሳምንቱ ይሾልካል።

«እሰረው እንጂ የኤልያስ አባት!» አሉ እትዬ ጣቢታ አንድ ቀን።

«በምን ልሰረው? ጥጃ ነው?»

«እንግዲያስ የሚያስቀምጠው ነገር ፈልግለት።»

አቶ ላምቤቦ ይህንን ይዘው ሲብሰለሰሉ ከረሙ። በመጨረሻ ትዝ ያላቸው የረሺድ ሱቅ ነው። ረሺድ ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ሰዓት የሚጠግን የእስላም ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዕቃ ያመጣል። ኤልያስ ባለፈው ዓመት እዚያ መስኮት ላይ ተለጥፎ ቆሞ እንዳገኙት አስታወሱ፤ ጠርተውት እንኳ አልሰማም ነበር። ይሄ ልጅ የሰማይ መብረቅ ቢመታው የማይነቃነቅ ዓይነት ሆኖ ነበር የቆመው።

ሄዱ። ሱቁ በር ላይ ሁለት ጊዜ አለፍ አሉና በሦስተኛው ገቡ።

«ረሺድ፣ ያ… ልጆች የሚጫወቱበት ነገር፣ አለ?»

«ኮምፒውተሩ? አለ እንጂ አቶ ላምቤቦ! ለማን ነው?»

«ለ… ለቤት።»

ረሺድ አልሳቀባቸውም። ሁለት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው። ሁለቱም የመዳፍ ያህል ናቸው፤ መስታወታቸው ውስጥ ጥቁር ጥቁር ትንንሽ ሰዎች ይዘላሉ።

«ይሄኛው ጥሩ ነው» አለና ትልቁን አነሣ። «ሦስት ዓይነት ጨዋታ አለው። ድምፁ ቢረብሽዎት በዚህች ይዘጉታል፣ ዝም ይላል። ዘጠና አምስት ብር።»

አቶ ላምቤቦ ደመወዛቸው በወር ሃምሳ ነበር። ወይፈን ሸጠው ኪሳቸው ውስጥ የያዙትም ለጣሪያ ቆርቆሮ የታሰበ ነው።

«ያኛውስ?»

«እሱ ስድሳ። ጨዋታው አንድ ብቻ ነው፤ ሰውዬው ድልድይ ላይ ይሮጣል፣ ከላይ ድንጋይ ይወርድበታል። ድምፁ አይዘጋም። ግን ሰዓት አለው። ደወልም አለው፣ በፈለጉት ሰዓት ሞልተው ያስጮሁታል።»

«ደወል አለው?»

«አለው። እርስዎ ባይኖሩ ይተካዎታል» ብሎ ረሺድ ሳቀ።

እሳቸውም ሳቁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተወሰነው። ለጨዋታ ብቻ ስድሳ ብር አወጣሁ ብለው ለሚስታቸውም ለጸሎት ወንድሞቻቸውም መናገር ያፍሩ ነበር። ሰዓት ገዛሁ ማለት ግን ይቻላል። ደግሞ ደወል ያለው ነገር በእሳቸው ዓይን ቁምነገር ነው። ድምፁ አይዘጋም መባሉንም ወደዱት፤ ከውጭ ሲመጡ ጢጥ ጢጥ ሲል ከሰሙ ልጁ ቤት አለ ማለት ነው።

«ከስድሳው ትንሽ ቀንስልኝ።»

«ሃምሳ አምስት ያድርጉት፣ ለኤልያስ ስለሆነ ነው።» ለቤት ነው ያሉትን ለካ አላመነም ነበር።

«ደወሉን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙላልኝ። እስከ ዘጠኝ ይጫወት፣ ከዘጠኝ በኋላ ደብተሩን ይክፈት።»

ረሺድ በቀጭን ሽቦ ነካካና ሞላው። እንዲሰሙትም አስጮኸላቸው። አንዴ ከጀመረ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይጨርስ አይቆምም።

ኤልያስ ያን ቀን ያደረገውን አቶ ላምቤቦ ሲነግሩኝ ፊታቸው ይፈካ ነበር። ልጁ ትልቅ ሰው መሆኑን ረስቶ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ሙሉ ከአጥሩ አልሾለከም። እናቱ «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው ድልድዩን የሚጨርሰው?» ስትለው «አይጨርስም እማ፣ ሲሻገር እንደገና ይጀምራል» ይላታል። እሳቸውም ለምሳ ሲገቡ ቀድመው የሚያዳምጡት ያንን ጢጥ ጢጥ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲጮህ ኤልያስ እየሳቀ «ሁለተኛው አባቴ ጠራኝ» ይልና ደብተሩን ይከፍታል።

ጥር ላይ፣ ሐሙስ ቀን ነው፣ ቀበሌው እንደገና ኮታ እንደወረደበት በጠዋቱ ተወራ። አቶ ላምቤቦ የስድስት ሰዓቱን ደወል መትተው የከሰዓቱን ፈረቃ ለጓደኛቸው ሰጡና ወደ ቤት ሮጡ። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን መደበቂያው የታወቀ ነው፤ ጓሮ ያለው እንሰት ነው። የአቶ ላምቤቦ እንሰት ያረጀ፣ ቅጠሉ በቅጠል ላይ የተደራረበ፣ በቀትር እንኳ ውስጡ የሚጨልም ነበር። ኤልያስን መሐል ላይ፣ የደረቀ ቅጠል አልብሰው አስቀመጡት።

«እስክጠራህ እንዳትነቃነቅ።»

«እሺ አባ።»

ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ አንዳቸውም አላሰቡም።

ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር አሳምነው ጠመንጃ ከያዙ ሁለት ጥበቃዎች ጋር መጣ። አሳምነው የዚያው የአቶ ላምቤቦ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ ስድስት ዓመት በእሳቸው ደወል ገብቶ በእሳቸው ደወል ወጥቷል።

«ጋሼ ላምቤቦ፣ እንደምን ዋሉ? ሥራ የለም እንዴ ዛሬ?»

«አሞኝ ነው።»

«እርስዎም ይታመማሉ? በእኛ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ቢያምዎት ብለን ስንጸልይ አልሰማንም እግዜር።» ጥበቃዎቹ ሳቁ። «ኤልያስ የታለ?»

«ፎንቆ፣ አክስቱ ጋ ነው። ታማበት።»

«ቤቱ ሁሉ ታሞ የለ!» አለ አሳምነው። ግን ክፋት አልነበረበትም። ቤቱን ፈተሹ፣ ቆጡ ላይ ወጡ፣ አልጋ ሥር አዩ። እንሰቱንም ጥበቃው ዳር ዳሩን ዞረና ተመለሰ። እትዬ ጣቢታ እርጎ አቀረቡላቸው። ሲዞሩ የዋሉ ሰዎች ናቸው፣ ደጅ ያለው ግንድ ላይ ቁጭ ብለው ጠጡ። ምሳ እንኳ ያልበሉ ይመስላሉ።

አቶ ላምቤቦ ዓይናቸው የቤቱ ጥላ ላይ አረፈ። ጥላው የወፍጮ ድንጋዩን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ከሃያ ዓመት በላይ ጥላ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዘጠኝ ሊሆን ምን ያህል እንደቀረው አወቁ። ያን ጊዜ ነው የልጃቸው ኪስ ትዝ ያላቸው።

ሄዳችሁ እንሰቱን እዩ ማለት ስለሚሆን ወደዚያ መራመድ አይቻልም። ተነሡ ሂዱ ማለትም አይቻልም። ብድግ አሉና መጥረቢያ አነሡ። እንጨት መፍለጥ ጀመሩ፣ ጓ! ጓ! በሙሉ ኃይላቸው።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ? እንግዳ ፊት?»

«ማታ… ማገዶ የለንም።»

«አሞኛል ብለው የለ?»

ጓ! ጓ! ላባቸው አገጫቸው ላይ ወረደ።

ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ገና ጢም ያላወጣ፣ ከሞርሲቶ የመጣ ልጅ ነው፣ ይህን አላስቻለውም። የጨዋ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ እንጨት ሲፈልጥ እሱ ተቀምጦ እርጎ መጠጣት ነውር መሰለው። ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተነሣ።

«ኧረ በእግዚአብሔር አባባ! እኔ እያለሁ?»

«ተው፣ ተው ልጄ፣ እኔ ነኝ የምፈልጠው…»

«አይሆንም፣ በሞቴ!» መጥረቢያውን በሁለት እጁ በአክብሮት ተቀበላቸው። ኮቱን አወለቀ። አጣጥፎ ግንዱ ላይ አስቀመጠው። እጁ ላይ እንትፍ አለበት።

በዚያች መሐል ደጁ ጸጥ አለ።

ከእንሰቱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ። የታፈነ ነው፣ ሰው በሁለት እጁ አፍኖ የያዘው። ግን አይቆምም። አንድ ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አቶ ላምቤቦ አያውቁም ነበር።

የሞርሲቶው ልጅ መጥረቢያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አሳምነው የእርጎውን ዋንጫ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። አቶ ላምቤቦን አላያቸውም። ወደ እንሰቱም አላየም። መሬት መሬት እያየ «ዛሬ ኮታው አንድ ጎድሎኝ ነበር ጋሼ» አለ።

ኤልያስ ራሱ ነው የወጣው። ሊያወጡት ሲገቡ እናቱ እንዳትጮህ ብሎ ይሁን አላውቅም፣ ከነደረቅ ቅጠሉ ወጥቶ ቆመ። እትዬ ጣቢታ ግን ጮኹ፤ እኔም ከቤቴ ሮጬ የወጣሁት ያኔ ነው። ሲወስዱት የሞርሲቶው ልጅ ጠመንጃውን ረስቶ ሄዶ ተመልሶ መጥቶ ወሰደ። የአቶ ላምቤቦን ዓይን ማየት አቅቶት ነበር።

በማግስቱ አቶ ላምቤቦ ገና ሳይነጋ የልጃቸውን ሹራብና አንድ ቁራሽ ቆጮ ጠቅልለው ቀበሌው አዳራሽ ሄዱ። አጥሩ ሥር ወላጅ ሞልቷል። ካሚዮኑ ሞተሩን አስነሥቷል። ኤልያስ በሽቦው በኩል መጣና ሹራቡን ተቀበለ። ከኪሱ ያንን ዕቃ አውጥቶ በቀዳዳው ሰጣቸው።

«ያዘው አባ። እዚያ እነሱ ይቀሰቅሱናል።»

አቶ ላምቤቦ ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እኮ። ድምፁ ይዘጋ ነበር። መዝጊያዋን ረስቼ ነው።»

ዓይናቸውን እያየ ነው እንዲህ ያለው። የትኛው እንደሚዘጋና የትኛው እንደማይዘጋ፣ በስንት ብር ልዩነት እንደሆነም አቶ ላምቤቦ ያውቃሉ። ልጁም ሁለት ወር እጁ ላይ ይዞት ስለኖረ ያውቃል።

«እሺ ልጄ» አሉት። «እሺ፣ ረስተህ ነው።»

ካሚዮኑ ሄደ። ወላጁ አቧራው ውስጥ እየጮኸ ተከተለው፤ እሳቸው ግን አልተከተሉም። ቀጥ ብለው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ልጆቹ ግቢውን ሞልተው ይሯሯጣሉ። አቶ ላምቤቦ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሙ። የባንዲራውን ጥላ አዩት። ብረቱን አነሡ፣ ወደ ቸርኬው ዘረጉ፣ እጃቸው እዚያው ቀረ። ዳይሬክተሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ሰዓቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ተመልሶ ገባ።

ብረቱን ቀስ አድርገው፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ልጆቹ ወዳሉበት ሄዱና አንድ በአንድ ትከሻቸውን እየነኩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ግባ ልጄ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ግቢ ልጄ» እያሉ ሁሉንም ወደየክፍላቸው አስገቧቸው።