ቀዩ የሸሸበት ዓሣ

ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ሰልባጅና የሱዳን ሴቶች የሚጣፉትን ባለ አበባ ቶብ ስሸጥ ብዙ ዘመኔ ነው። በእኛ ሙቀት ካፖርት የሚገዛኝ ሰሊጥ አጭዶ ወደ ደጋ የሚመለስ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሰልባጁ ቦንዳ ካፖርት ሲወጣ ኪሱን ፈትሼ፣ አጥቤ፣ እስከ አጨዳው መጨረሻ አቆየዋለሁ። ዘጠኙን አሮጌ የጃፓን ካርዶቼን ያገኘሁት ከአንዱ ካፖርት የውስጥ ኪስ ነው፤ ልጆች የሚሰበስቧቸው ባለ ሥዕል ካርዶች ናቸው።

ከሁሉም ዓሣ የተሣለበትን እወደዋለሁ። ቀዩ ቀለም ከመስመሩ ስለሸሸ ዓሣው ቀይ ጥላ ያስከተለ ይመስላል።

ስልኬ ላይ የካርድ ሰብሳቢዎች ቡድን አለ። ፎቶውን ለጠፍሁ። ሁሉም የሚሰማው አንድ አንጋፋ ሰብሳቢ ወዲያው፣

«እትዬ፣ ይህ ውሸት ነው። ጃፓን እንዲህ አያበላሽም። የሰፈር ጎረምሳ በስክሪብቶ ያቀለመው ነው» አለኝ።

«ከሰልባጅ ኪስ ምን ይጠበቃል!» አለ ሌላው።

በቡድኑ ደንብ ሐሰተኛ ካርድ የለጠፈ ይባረራል። አታላይ ተብዬ መውጣት ደግሞ አልፈልግም።

ግን አልደነገጥሁም። ቶብ የሸጠች ሴት ይህን ታውቃለች። ጨርቅ ላይ እያንዳንዱ ቀለም በየተራው ነው የሚታተም፤ ጨርቁ ትንሽ ከተንሸራተተ ቀዩ በሙሉ፣ ከአበባውም ከጠርዙም፣ እኩል ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። የሰው እጅ እንዲህ እኩል መሳት አይችልም።

የስልኬ ካሜራ ላይ አንዲት የውኃ ጠብታ አደረግሁ፤ እንደ ማጉያ መነጽር ታጎላለች። የማተሚያ ቀለም ሲጎላ የጥቃቅን ነጠብጣቦች ስብስብ ነው። የዓሣው ዓይን፣ ጅራቱ፣ ጥግ ላይ ያለችው ጽሑፍ ሳትቀር፣ ቀያይ ነጠብጣቦቹ ሁሉ እኩል ወደ ግራ ሄደዋል። ፎቶዎቹን ለጠፍሁና፣

«በሉ ጌታው፣ እጁ እንዲህ የማይዛነፍ ጎረምሳ ካለ ላኩልኝ፤ ሥራ አለኝ» አልሁ።

አንጋፋው፣ «ተሸነፍሁ። የማተሚያ ስሕተት ነው፤ ካርዱ እውነተኛ ነው» ብሎ ለሁሉም ጻፈ። ከዚያ ለብቻዬ፣ «እኔም ቀዩ የሸሸበት ወፍ አለኝ፤ ስኮራበት የኖርሁት ነው። በውኃ ጠብታ አንስቼዋለሁ፣ እስኪ ይዩልኝ» አለ።

አየሁት። ቀዩ ከክንፉ ወደ ቀኝ፣ ከምንቃሩ ወደ ታች ወጥቷል። አንድ የማተሚያ ነጠብጣብ እንኳ የለውም።

«ጌታዬ፣ ይህስ በእጅ የተቀባ ነው» አልሁት።

«ለቡድኑ ይነግራሉ?»

«እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ።»

ከምሳ በፊት ነገራቸው።