ጋሼ መስታወት የወለወሏት ሳንቲም

ጨረታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ገዢዎች ዕቃውን እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት፣ እትዬ ዝርዝር ወደ መስታወቱ ሣጥን ጎንበስ አሉና እዚያው ደርቀው ቀሩ። ትልቋ የብር ሳንቲማቸው ታበራለች። ማብራት ብቻ አይደለም፤ አዲስ የተተከለ ጥርስ ትመስላለች።

እትዬ ዝርዝር ዕድሜያቸውን የጨረሱት አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ነው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን፤ መልስ የጠፋበት ባለሱቅ ሁሉ ወደ እሳቸው ይልክ ነበርና። ከሚቀበሉት ዝርዝር መሐል አንዳንዴ የሌላ ዘመን ሳንቲም ብቅ ይላል፤ ዳሯ የተበላ፣ ዘውዷ የተፋቀ፣ ሰው ከአያቱ ሣጥን አንሥቶ ሳያያት የከፈላት። እሳቸው ከኪሳቸው ይተኩና ያቺን መሐረባቸው ውስጥ ቋጥረው ወደ ቤት ይወስዷታል። ሳስበው ይደንቀኛል፤ ዘመናት ተሳፍረው መጥተው እጃቸው ላይ ይወርዱ ነበር!

ትልቋም የመጣችው እንዲሁ ነው። በአንድ ፊቷ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ አለች። ከመርከቧ ይበልጥ ግን ዘመን ያለበሳት ቀለም ያስደንቅ ነበር፤ ጥቁር ሲሏት ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ሲሏት ሐምራዊ፣ ልክ እንደ ርግብ አንገት። የጨረታ ቤቱ ዋጋ ገማች ቤታቸው መጥቶ ያያት ዕለት እጁን ሰብስቦ፣ «እናቴ፣ ይህን ቀለም ማንም እንዳይነካው። ዋጋዋ እሱ ነው» ብሏቸዋል። ባላቸው ያን ጊዜ ዳቦ ሊገዙ ወርደው ነበር፤ ደረጃውን ወርዶ መውጣት ደግሞ ለእሳቸው ግማሽ ቀን ነው። ሲመለሱም እትዬ ዝርዝር ነገሩን አላነሡትም። ማን ይነካታል ብለው?

የሚሸጡትም ለዚሁ ደረጃ ሲሉ ነው። የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የባላቸው ጉልበት እምቢ ካለ ቆይቷል። ከሕንፃው ሥር፣ በሩ በቀጥታ ወደ ጎዳናው የሚከፈት ክፍል ለሽያጭ ቀርቧል። ሌሎቹ ሳንቲሞች ቢደመሩ በሩን እንኳ አይገዙም። ክፍሉን የምትገዛው መርከቧ ናት።

«አየሻት?» አለ ከኋላቸው የባላቸው ድምፅ።

ጋሼ መስታወት የምንላቸው ያለ ነገር አይደለም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትልቅ ሆቴል በር ጠባቂ ነበሩ። የነሐሱን እጀታ ከመወልወላቸው የተነሣ እንግዳ ሁሉ ፊቱን እያየበት ክራቫቱን ያስተካክል ነበር።

«ጠዋት አንቺ ስትለብሺ ነው የጨረስኳት። በሎሚና በጥርስ ሳሙና፤ ሳታዪ መልሼ መሐረብሽ ውስጥ ቋጠርኳት። እንዴት ቆሽሻ ነበር በናትሽ! እንደዚያ አድርገሽ ሰው ፊት ልታቀርቢያት?»

እትዬ ዝርዝር አፋቸውን ከፈቱ። ባላቸውን አዩ፤ አሁን የተላጨ አገጭ፣ እስከ ላይኛው ቁልፍ የተዘጋ ሸሚዝ፣ የልጅ ደስታ። አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

«አየኋት። ታበራለች።»

«ታበራለች ብቻ? አንቺዬ፣ ጺም ይላጭባታል እኮ!»

እትዬ ዝርዝር ሰበብ ፈልገው ወደ አጫራቹ ሄዱ።

«ልጄ፣ መርከቧ…»

«አይቻለሁ እናቴ። መወልወሏን ለገዢ መናገር አለብኝ።»

«ተናገር። ደብቅልኝ አላልኩም። ባሌ ከአዳራሹ ሲወጣ ተናገር ብቻ።»

«የምናገረው ተራዋ ሲደርስ ነው። እርስዎ ያስወጧቸው።»

እንግዲህ ጭንቁ ከዚህ ጀመረ። አንድ ሳንቲም ተሸጦ መዶሻው በመታ ቁጥር መርከቧ ትቀርባለች፤ እትዬ ዝርዝር ደግሞ ጎናቸው የተቀመጡትን ሰው ማስነሣት አለባቸው።

«ውሃ ጠማኝ» አሉ። ጋሼ መስታወት ከኮታቸው ኪስ ጠርሙስ አውጥተው ሰጧቸው።

«መድኃኒትህን ዋጥክ?»

«ዋጥኩ።»

«ሽንት ቤት አትሄድም?»

«ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? የመጣሁት ሽንት ቤት ልጎበኝ ነው?»

ከኋላቸው የተቀመጥን ጎረቤቶች ሳቃችንን ዋጥን። የእትዬ ዝርዝር ጣቶች ግን የመሐረባቸውን ጫፍ ይጠመዝዙ ነበር፣ ይፈቱ ነበር፣ እንደገና ይጠመዝዙ ነበር።

መርከቧ ወጣች። አጫራቹ ወደ እሳቸው አየ፤ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻለም።

«ዋጋ ከመጥራቴ በፊት የማሳውቀው ነገር አለ። ይህች ሳንቲም በቅርቡ ተወልውላለች።»

«እኔ ነኝ!» ጋሼ መስታወት የወንበሩን ጀርባ ይዘው ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ የወለወልኳት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ የሆቴሉን በር ለእንግዳ እንደሚከፍቱ ሁሉ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። እትዬ ዝርዝር ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አጫራቹ መነሻ ዋጋውን ጠራ። ዝም። ዝቅ አድርጎ ጠራ። ፊት ለፊት የነበረው ነጋዴ ማጉያ መነጽሩን ኪሱ ከተተ። ዝምታ ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ ወንበር ይንቋቋል፣ ወረቀት ይገለበጣል፣ ሰው ይስላል፣ እጅ ግን አይነሣም።

«በብሯ ክብደት ከሆነ እኔ እወስዳታለሁ» አለ አንድ ሰው ከጥግ።

አጫራቹ ወደ እትዬ ዝርዝር ዞረ። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

«አልተሸጠችም።»

ጋሼ መስታወት ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ የሚሄድበት ጠፍቶት ቆመ።

«ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት?»

ውሸቱ እትዬ ዝርዝር ምላስ ላይ ነበር። ቆንቋኖች ናቸው፣ ዛሬ ቀኑ አልቀናንም፣ ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። እሳቸው ግን የባላቸውን እጅ ያዙ።

«ቆሻሻ አልነበረም፣ አንተዬ። ዕድሜዋ ነበር።»

ጋሼ መስታወት ጣቶቻቸውን ገልብጠው አዩ።

«አጠብኩት?»

«አጠብከው።»

«ክፍሉስ?»

«ሌላ ሰው ይገባበታል። እኛ ደረጃውን እያረፍን እንወጣዋለን።»

«ለጉልበቴ ብዬ አይደለም የጠየቅሁት…»

«አውቃለሁ።»

«ጭስ ላይ ብንይዛትስ? ጥላሸት ብንቀባትስ? እኔ በደንብ እቀባታለሁ።»

እትዬ ዝርዝር ሳቃቸው አመለጣቸው። መሐረቡን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከኋላ ሆኜ ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አልቻልኩም።

«አይቀባም። ራሷ ናት የምትጠቁረው። አየር ላይ፣ ሰው ሳይነካት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?»

«መቶ ዓመት። ከዚያም በላይ።»

ጋሼ መስታወት ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ጉልበታቸው እየተንጣጣ ተነሡና ለሚስታቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ተነሺ እንሂድ ታዲያ። ምን እንጠብቃለን? መስኮቱ ላይ እናስቀምጣትና ዛሬውኑ ትጀምር።»