አንድ ጭልፋ ቅቤ

የዚያችን መበለት ስም ወጌሻው አያ የሽዋስ ጠይቆ አያውቅም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ክረምት፣ የራሷ የእጅ አንጓ አብጦ፣ እግሯ የተሰበረ ድመት በተጣፈ ነጠላዋ አቅፋ መጣች። ለመታሻ የያዘችው ቅቤ ከአንድ ጭልፋ አይበልጥም።

«ለአንዳችሁ ነው የሚበቃው፤ እጅዎን ይስጡኝ» አላት።

«ከሷ ይጀምሩ፣ አያ። የኔ ይቆያል፤ አይጥ ግን አይቆይም።»

«የአንዲት መበለት እህል ስንት ቢሆን ነው?»

ሴትዮዋ አርበኞች ወደመሸጉበት ጫካ አየት አደረገች። እሱም ገባውና ለድመቷ እግር መጠገኛ ቀርከሃ ይሰነጥቅ ጀመር።

በመስቀል ማግስት ተመለሰች። አንጓዋ እንደታሰረ ነው፤ ድመቷ ግን ከነጠላዋ ዘላ በአራት እግሯ ቆመች።

«ስንቃቸውን ጣሊያንም አላገኘው፣ አይጥም አልቀመሰው!» ብላ በጆሮው ሹክ አለችውና እልልታዋን አቀለጠችው።

በደጁ የሚያልፈው ገበያተኛ «የማን ሠርግ ነው?» ይል ጀመር።