የማይለበሰው ጋቢ

ወደ ሴቻ ሰፈር በሚወጣው ታክሲ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። የጥጡ ሽታ ዶርዜ፣ ሸማኔው አባቴ ጋ መለሰኝ።

ትምህርት ቤታችን ለቤተ መጻሕፍት በጀት ስላልነበረው፣ ወላጆች በጨረታ የሚሸጥ ዕቃ እንዲያመጡ ተጠየቁ። ማንበብ የማይችለው አባቴ ጋቢ ሠራ። የራሱ ጋቢ ሳስቶ ብርድ ያስገባ ነበር።

«ማን ሊለብሰው ነው?» አልኩት።

«ይሄ አይለበስም፣ ልጄ።»

አልገባኝም።

በጨረታው ዕለት፣ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ልማድ፣ ጋቢውን የገዛው ሁሉ ገንዘቡን ከፍሎ «ደግሞ ይሸጥ» እያለ መለሰው። የመጨረሻው ገዢ አባቴን አለበሰው። አባቴ ግን ወዲያው አውልቆ ጨረታውን ለሚመራው መምህር ሰጠ። «መጻሕፍቱን አቧራ እንዳይነካቸው» አለ።

ሽማግሌው ሲወርዱ፣ መሬት እንዳይነካ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዝኩላቸው። አባቴ ያንን ጋቢ ዳግመኛ የለበሰው ስንቀብረው ነው፤ መምህራኑ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ አንስተው አመጡለት።