አጋዘን አዳኙ ባለቤቴ

ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በሕይወቱ የገደለው ነገር ቢኖር በረሮ ነው፤ እሱንም እኔን ጠርቶ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ለንደን፣ አርችዌይ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ይኸው ሰው አንድ ቀን ከሥራ ተመልሶ "አጋዘን አደን ልሄድ ነው" አለኝ። ዊልስደን ጋራዥ አብሮት የሚሠራ ስኮትላንዳዊ መካኒክ "በጥቅምት ወንድሜ ጋ፣ ተራራ ላይ፣ አደን እንሂድ" ብሎት ኖሯል። ሳቄን ለቀቅኩት። እሱ ግን አልሳቀም። እዚያ ከገባን አራት ዓመታችን ነው፤ ከአገሬው ሰው ቤተሰቡ ድረስ የጠራው ያ መካኒክ ብቻ ነበር።

ዝግጅቱ ተጀመረ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ቻሪቲ ሱቅ የተራራ ጫማ ገዛ፤ ቢሰፋው በሁለት ካልሲ ሞላው። ከሥራ መልስ አሥር ኪሎ ሩዝ በጀርባው አዝሎ የአርችዌይን ዳገት ይወጣል። ፌርማታ የቆሙ ሐበሾች "አስቤዛ ነው?" ሲሉት "ትሬይኒንግ ላይ ነኝ" ይላል። ሲመለስ እኔ ነኝ ጉልበቱን በቪክስ የማሸው። "አፍ ዳገት አይፈራም፤ ጉልበት ነው የሚፈራው" እለዋለሁ።

አጋዘኑ እንዳያይ በደረት መሳብ ያስፈልጋል ተብሎ ደግሞ ሳሎን ምንጣፍ ላይ፣ ከበሩ እስከ ቴሌቪዥኑ፣ ይሳባል።

"ጌታዬ፣ ምንጣፉን በሁቨር ልጥረግበት፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግልኝ። ሶፋው ሥር አጋዘን የለም!"

"ሳቂ አንቺ! ሥጋውን ሳመጣ እንተያያለን።"

የሚሄዱት ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሻንጣው በሩ ሥር ተሸክፏል።

"ሰውየው በስንት ሰዓት መጥቶ ነው የሚወስድህ?" አልኩት።

"አልነገረኝም።"

"አትጠይቀውም?"

"ቀላዋጭ ልምሰል?"

ጠረጠርኩ። "ቆይ፣ እንሂድ ሲልህ ምን አልከው?"

"ምን እላለሁ? 'አይ፣ አላስቸግርህም' አልኩት። ሲደግመኝም እንደዚያው። ሦስተኛ ሲለምነኝ እሺ ልል ነዋ።"

ሦስተኛ አልለመነውም። ወይ ጉድ! ለካ ያን ሁሉ ሩዝ የተሸከመው እምቢ ላለው ግብዣ ነው።

ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን ሳየው ግን አንጀቴን በላኝ። ደግሞስ "ሰው ሲጠራህ ቶሎ እሺ አትበል" እያልኩ የምጨቀጭቀው ማን ሆነና? እኔው ነኝ። አፈርኩ።

መካኒኩ ቤት ደወልኩ። "ሁለቴ ጠይቄው እምቢ አለኝ እኮ። መኪናው ላይ ቦታ አለ" አለኝ ሰውየው ግራ ገብቶት።

"እባክህ አንድ ጊዜ ብቻ ድገመው" ብዬ ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁት። የኔ ጀግና ላብ አጠመቀው። "አይ፣ እንዳላስቸግር..." ብሎ ሲጀምር ጫማዬን አውልቄ አነሳሁበት።

"እሺ" አለ ቶሎ ብሎ። ከዚያ ድምፁ ለወጥ አለ። "መምጣት እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ።"

በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን "እፈልጋለሁ" የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔን እንኳ ሲያገባኝ ሽማግሌ ልኮ ነው።